ለትናንሽ ማኅበራትና ቢሮዎች የኢንተርኔት ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ከኢሜይል እስከ ባክአፕ

ሦስት ሠራተኛ፣ ሁለት ላፕቶፕና ከስልክ የሚከፈት ሆትስፖት ላለው ማኅበር የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ከስድስት ከሰባት አይበልጥም፤ ሁሉም በነፃ ይገኛል። ማኅበራትን የሚጎዳቸው የሶፍትዌር እጦት አይደለም፤ አመራረጡና አያያዙ ነው። ኢሜይሉ በጸሐፊዋ የግል ስልክ ቁጥር ተከፍቶ፣ የአባላቱ ዝርዝር በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ተቀምጦ፣ ውሳኔው ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተበታትኖ ይቆያል። ከዚያ ጸሐፊዋ ሥራ ስትለቅ፣ ላፕቶፑ ሲሰረቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ማኅበሩ የገዛ መዝገቡን ማየት ይሳነዋል።

ስለዚህ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። ኔትወርክ በሌለበት ቀን ይሠራል ወይ? ያስቀመጥንበትን ሰነድ ይዘን ወደ ሌላ ቦታ መሄድ እንችላለን ወይ? ቁልፉስ ከአንድ ሰው በላይ ዘንድ ሊኖር ይችላል ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ በእኛ አገር ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በየካቲት 2015 ደግሞ ኢንተርኔቱ እየሠራ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው ለወራት ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰነዱን በራሱ ዲስክ ላይ የያዘ ቢሮ ሥራውን ይቀጥላል።

አንዴ አውርዱ፣ በፍላሽ አዳርሱ

ሶፍትዌሮቹን በየላፕቶፑ በሆትስፖት ማውረድ ፓኬጅ መጨረስ ነው። ፈጣን ዋይፋይ ባለበት ቦታ አንዴ አውርዳችሁ በ16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ለመነሻ የሚበቋችሁ ፋየርፎክስ (ብሮውዘር)፣ ተንደርበርድ (የኢሜይል መክፈቻ)፣ ሊብሬ ኦፊስ (ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ)፣ ኪፓስ ኤክስሲ (የፓስወርድ መያዣ) እና ሲንክቲንግ (የሁለት ላፕቶፕ ፋይሎችን አንድ የሚያደርግ) ናቸው። ከሁሉም የሚከብደው ሊብሬ ኦፊስ ነው፤ 350 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የፋየርፎክስ ገጽ በመጀመሪያ የሚሰጣችሁ ትንሿ ፋይል ሙሉዋ እንዳልሆነች ልብ በሉ፤ ስትከፈት ቀሪውን ከኢንተርኔት ታወርዳለች። ቢሮ ወስዳችሁ ያለ ኔትወርክ ስትሞክሯት አትሠራም። ሁሉም ቋንቋና ሲስተም ከተዘረዘረበት ገጽ ሙሉውን ፋይል ምረጡ።

የምታወርዱት ከባለቤቱ ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። በጎግል ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ አንዳንዴ የተመሳሰለ የሐሰት ገጽ ስለሚሆን አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ፦ ሞዚላ ዶት ኦርግ፣ ተንደርበርድ ዶት ኔት፣ ሊብሬኦፊስ ዶት ኦርግ፣ ኪፓስኤክስሲ ዶት ኦርግ፣ ሲንክቲንግ ዶት ኔት።

በተሰበረ ፈቃድ የሚሠራ ኦፊስና ዊንዶውስ ከኮምፒውተር ቤት ተጭኖላችሁ ከሆነ፣ አክቲቬት ለማድረግ የተጠቀሙበት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የዊንዶውስን መከላከያ አጥፍቶ እንደሚገባ እወቁ። ለቢሮ ሥራ ሊብሬ ኦፊስ ይበቃል፤ ሜኑውንም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር በርቶ አፕዴት ከተደረገ ሌላ አንቲቫይረስ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ዊንዶውስ 10 ግን ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው ቆሟል። ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጁና፣ ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሥታችሁ ፕሪንተሩና ዋይፋዩ መሥራታቸውን ሞክሩ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ይበቃዋል።

ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ኔትወርክ፣ ከዚያ ወደ ዋይፋዩ ዝርዝር ገብታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ይህ ካልበራ ላፕቶፑ አፕዴት ሲያወርድ አድሮ ጠዋት የወሩ ፓኬጅ አልቆ ታገኙታላችሁ።

ኢሜይሉ የማኅበሩ ይሁን

የጂሜይል አካውንት በሰው ስም አትክፈቱ። በማኅበሩ ስም ክፈቱ፤ የሚመዘገበውም ስልክ በማኅበሩ ስም የወጣ ሲም ይሁን። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል ያን ሲም በየወሩ ደውሉበት። ለማስመለሻ የሚሞላው ሁለተኛ ኢሜይል የሰብሳቢው ይሁን እንጂ የዚያው ጸሐፊ አይሁን። ቀጥሎ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ኔትወርክ ሲጨናነቅ አይደርስም፤ ስለዚህ ከኤስኤምኤሱ በተጨማሪ በስልክ ላይ ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ ጫኑ። ጎግል የሚሰጣችሁን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች አትሙ። ወረቀቱን በፖስታ አሽጋችሁ፣ ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ በማሸጊያው ላይ ፈርመው፣ ከማኅተሙ ጋር ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። የማኅበር ቼክ በሁለት ፊርማ እንደሚወጣ ሁሉ የኢሜይሉም ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሁን።

በጂሜይል ነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፣ ለጎግል ድራይቭና ለጎግል ፎቶስ በጋራ ነው። የቢሮው ስልክ ፎቶዎቹን በዚያው አካውንት እየጫነ ከሆነ ቦታው በፎቶ ይሞላና ኢሜይል መግባት ያቆማል። የጻፈላችሁ ሰው መልእክቱ ይመለስበታል፤ እናንተ ግን የጻፈላችሁ ሰው ያለ አይመስላችሁም። ዛሬውኑ በቢሮው ስልክ ላይ የፎቶ ባክአፑን አጥፉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንትን ጎግል ሊሰርዘው እንደሚችልም አስታውሱ፤ ለአንድ ፕሮጀክት ብሎ ተከፍቶ የተረሳ አካውንት ሰነዱን ይዞ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ኢሜይሉን በብሮውዘር ብቻ መክፈት ግን ኔትወርክ በጠፋ ቀን ባዶ እጅ ያስቀራል። ተንደርበርድን የምንመክረው ለዚህ ነው። ሲከፈት ስማችሁንና የኢሜይል አድራሻችሁን ጠይቆ ቀሪውን ራሱ ያገኘዋል፤ ጂሜይል ከሆነ የጎግልን መግቢያ መስኮት ይከፍትላችኋል። «አይማፕ» እና «ፖፕ» ብሎ ሲያስመርጣችሁ አይማፕን ምረጡ፤ አይማፕ ደብዳቤውን በዋናው ቦታ (በኢሜይል ሰጪው ሰርቨር) ትቶ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ ያሳያል። ፖፕ መልእክቱን ወደ አንድ ላፕቶፕ ያወርድና እንደ አደራደሩ ከዋናው ቦታ ያነሣዋል፤ ግማሹ ደብዳቤ በአንዱ ላፕቶፕ፣ ግማሹ በሌላው ተከፋፍሎ ይቀራል። የራሳችሁ ዶሜይን (በማኅበሩ ስም የተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ) ያላችሁ ከሆነና ሴቲንጉን በእጅ መሙላት ካስፈለገ፣ «ፖርት» በሚለው ቦታ የሚሞላው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለአይማፕ 993፣ ለመላኪያው 465 ወይም 587 ነው።

ከዚያ «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ክፈቱ። መልእክቶቹን በዚህ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥ የሚለው ምልክት ይደረግበት። ዳታ የሚቸግራችሁ ከሆነ ሁሉንም ሳይሆን የቅርብ 90 ቀን ብቻ እንዲያወርድ አድርጉት። በጂሜይል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፦ በብሮውዘር ገብታችሁ በሌብልስ ሴቲንግ ውስጥ «ኦል ሜይል» የሚለው በአይማፕ እንዳይታይ አድርጉ። ያለዚያ በኢንቦክስ ያለው ደብዳቤ በዚያኛውም ፎልደር ውስጥ ድጋሚ ይታያል፤ ዳታም ቦታም ይበላል።

ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ደብዳቤ ጽፋችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን አንድ ላይ ብትጫኑ አውትቦክስ ውስጥ ይቀመጣል። ኔትወርክ ሲመጣ «ሴንድ አንሴንት ሜሴጅስ» የሚለውን ስትነኩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል።

አይማፕ ባክአፕ አለመሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። በአንዱ ላፕቶፕ የጠፋው በሁሉም ይጠፋል። በየስድስት ወሩ የቆዩ ደብዳቤዎችን «ሎካል ፎልደርስ» ወደሚለው ገልብጧቸው፤ እነዚያ በዲስካችሁ ላይ ብቻ የሚኖሩ ናቸው።

ለአባላት በጅምላ ስትልኩ አድራሻዎቹን «ቢሲሲ» በሚለው መስመር አስገቡ። «ቱ» በሚለው ካስገባችኋቸው የመቶ ሰው አድራሻ ለመቶ ሰው አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ነፃው ጂሜይል በቀን ከ500 በላይ ተቀባይ አይፈቅድም፤ ብዙ አባላት ካሏችሁ በሁለት ቀን ከፍሉት።

መልእክት መለዋወጫው እንደ ጉዳዩ ይለያል

ለማስታወቂያ፣ ለስብሰባ ጥሪና ለፎቶ ቴሌግራም ጥሩ ነው። ሕዝቡ እዚያ አለ፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ይልካል። ነገር ግን በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሚጻፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተደረገ አይደለም። «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው እንደዚያ የሚቆለፈው፤ እሱም በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ የተበዳዮች ስም፣ የሕክምና ጉዳይ፣ የአቤቱታ አቅራቢዎች ዝርዝር በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አይግባ። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ አካል እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል።

ለሥራ አመራሩና ጥንቃቄ ለሚሻ ጉዳይ ሲግናል ይሻላል። መልእክቱም ጥሪውም ሁሌ የተቆለፈ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚጠፋ መልእክትም ማድረግ ይቻላል። ከ2016 ጀምሮ ስልክ ቁጥርን ሳይሰጡ በመጠሪያ ስም መገናኘት ይቻላል፤ ለመመዝገብ ግን ቁጥር ያስፈልጋል። ዋትስአፕም መልእክቱን ይቆልፋል፤ ጎግል ድራይቭ ላይ የሚቀመጠው ባክአፑ ግን እናንተ ካላበራችሁት በዚያ ዓይነት ቁልፍ አይቆለፍም። «ቻት ባክአፕ» ውስጥ ገብታችሁ አብሩት።

በሁሉም ስልኮች ላይ ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ። በቴሌግራም «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ፣ በዋትስአፕ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ውስጥ ይገኛል። የሃምሳ ሰው ግሩፕ የሚልከው ቪዲዮ ፓኬጁን የሚጨርሰው ማንም ሳይከፍተው ነው።

የቴሌግራም አካውንት የሚሰረቅበት መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከምታውቁት ሰው አካውንት «ለእኅቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል፤ ሊንኩ ስልክ ቁጥርና ከቴሌግራም የሚላክ የመግቢያ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን የሰጠ ሰው አካውንቱን ሰጠ። መከላከያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ውስጥ ፓስወርድ ማስገባት ነው፤ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ፓስወርዱ ያስቆመዋል። «ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለም ወዲያው አስወጡት።

ስልካቸው ኢንተርኔት የሌለው አባላትን አትርሱ። በእድርና በቁጠባ ማኅበር ውስጥ እነዚህ ጥቂት አይደሉም፤ ለእነሱ ኤስኤምኤስ ወይም ስልክ መደወል እንጂ የትኛውም መተግበሪያ አይተካም።

ስለ ብሮውዘር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፋየርፎክስን ጫኑ፤ «ዩብሎክ ኦሪጅን» የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ጨምሩበት። በሴቲንጉ ውስጥ ከ50 ኪሎባይት በላይ የሆነ ምስልና ቪዲዮ የሚያግድ ምርጫ አለው፤ በዝግተኛ ኔትወርክ ላይ ገጽ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል። የአንድ ገጽ ፎቶ ሲያስፈልጋችሁ ለዚያ ገጽ ብቻ ማጥፋት ይቻላል።

የአማርኛ ሰነድ፦ የድሮው ፎንትና የአባላት መዝገብ

ብዙ ቢሮ ውስጥ የተጠራቀመው ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። እነዚህ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚሥሉ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈቱ ገጹ በላቲን ፊደልና በምልክት ይሞላል። የደብዳቤያችሁን ዓይነት ለማወቅ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ የብሮውዘሩ መፈለጊያ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ነው፤ ትርጉም የለሽ ምልክት ከሆነ የድሮው ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በሌላ ነገር ለመጻፍ ምክንያት የለም።

የድሮውን ሁሉ እንደገና መጻፍ ግን አያስፈልግም። ለመዝገብ ብቻ የሚቀመጠውን ደብዳቤ ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ከፍታችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት፤ ፎንቱ አብሮት ይሄዳል። ወደፊት የሚታረመውን፣ ማለትም መተዳደሪያ ደንቡን፣ የደብዳቤ ናሙናውንና የአባላት ዝርዝሩን ብቻ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ። መቀየሪያ መሣሪያዎች አሉ፤ ከቅየራ በኋላ ግን ስሞችን፣ ቁጥሮችንና አራት ነጥብን በዓይን አንብቡ። ለአዲስ ጽሑፍ በዊንዶውስ የቋንቋ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛን መጨመር፣ ወይም ኪማን የሚባለውን ነፃ ኪቦርድ መጫን ይበቃል። ለፎንት አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ነፃ ናቸው፤ በሁሉም ማሽን ላይ አንዱን ጫኑ።

የአባላት መዝገብን በሊብሬ ኦፊስ ካልክ ስትሠሩ ሦስት ስሕተቶች ሁሌ ይመጣሉ።

አንደኛው ስልክ ነው። 09 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ሲገባ ፊተኛው 0 ይጠፋል፤ መዝገቡን ከመሙላታችሁ በፊት ያንን ዓምድ ሙሉውን መርጣችሁ «ቴክስት» አድርጉት። ከተሞላ በኋላ ቢቀየር የጠፋው 0 አይመለስም።

ሁለተኛው ቀን ነው። ካልክ የሚያውቀው የፈረንጁን ካሌንደር ነው። 30/2/2018 ብላችሁ ጥቅምት 30ን ስትጽፉ ሁለተኛው የፈረንጅ ወር፣ ፌብሩዋሪ፣ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። 12/2/2018ን ግን ቀን ነው ብሎ ይወስዳል። ዓምዱ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና በቅደም ተከተል ስታስቀምጡት ይዘበራረቃል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ስለሆነች ከነጭራሹ አትገባም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ሦስት የተለያዩ ዓምዶች አድርጉ።

ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ እና ፀሀይ ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተር ሦስት ናት። ፈልጋችሁ ስታጡ እንደገና ትመዘግቧታላችሁ፤ መዋጮዋም በሁለት ቦታ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ አባል የመዝገብ ቁጥር ስጡ፤ በደረሰኝም በቁጥሩ ሥሩ።

መዝገቡን ስታስቀምጡ «ሴቭ ዊዝ ፓስወርድ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ይህ ፓስወርድ ከተረሳ ፋይሉን የሚከፍት የለም፤ ስለዚህ ኪፓስ ውስጥ ይመዝገብ።

ፓስወርድና ባክአፕ

ኪፓስ ኤክስሲ ፓስወርዶቻችሁን ሁሉ በአንድ የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ይይዛል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዋናው ቁልፍ የማይገናኙ አምስት ስድስት የአማርኛ ቃላት ቢሆን ይመረጣል፤ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ነው። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ በላቲን ፊደል ጻፉት፤ የአማርኛ ኪቦርድ በሌለበት ማሽን ላይ ከፋይላችሁ ውጭ እንዳትቀሩ። ቁልፉ በወረቀት ተጽፎ ካዝናው ውስጥ ካለው ፖስታ ጋር ይሁን።

ለባክአፕ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ በሥራ ላፕቶፑ፣ አንዱ በሁለተኛው ላፕቶፕ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ በሚቀመጥ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ሁለቱን ላፕቶፖች ሲንክቲንግ ያገናኛቸዋል፤ በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ሆትስፖቱ ዳታ ሳይበራ ራሱ ይበቃል። በአንዱ የተሰረዘ በሌላውም ስለሚሰረዝ «ፋይል ቨርዥኒንግ» የሚለውን አብሩ፤ የተሰረዘው ለተወሰነ ቀን ይጠበቃል። ሃርድ ዲስኩን በየዓርቡ ሰክታችሁ ገልብጡበት፤ ሲያልቅ ንቀሉት። ተሰክቶ የሚቀር ዲስክ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይጠፋል። ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው የፍላሽ ቫይረስ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ስላለ፣ ለኅትመት የምትወስዱት ፍላሽ ከባክአፑ የተለየ ይሁን፤ ላዩ ላይም ፒዲኤፍ እንጂ ሌላ አይጫንበት።

በየሦስት ወሩ ከሃርድ ዲስኩ ላይ አንድ ፋይል ክፈቱና እዩ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ሠራተኛ ሲለቅ

ሥራውን ከሚለቅበት ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ምክንያቱ ቴሌግራም ነው። የግሩፕ ወይም የቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ የባለቤቱ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርድ ከ7 ቀን በላይ የቆየ፣ የሚያስተላልፍበትም ስልክ ከገባ ከ24 ሰዓት በላይ የሆነው መሆን አለበት። በመጨረሻው ቀን ብትሉት ቴሌግራም ቆዩ ይላችኋል፤ ሰውየው ደግሞ ሄዷል።

ባለቤትነቱ ከተላለፈ በኋላ የጂሜይሉን ፓስወርድ ለውጡና በሌሎች ማሽኖች ላይ ያለውን መግቢያ ሁሉ አስወጡ፤ የማስመለሻ ስልክና ኢሜይሉን ተመልከቱ፤ አዲስ የመጠባበቂያ ኮዶች አውጡ፤ አሮጌዎቹ ያኔውኑ ይሞታሉ። የኪፓስን ዋና ቁልፍ ቀይሩ፤ በውስጡ የተመዘገቡትንም ፓስወርዶች አንድ በአንድ ለውጡ፤ አሮጌው ፋይል በሰውየው እጅ ሊኖር ይችላልና። ላፕቶፑን ስትረከቡ «ዳውንሎድስ» እና «ዴስክቶፕ» ላይ የቀሩ ሰነዶችን ወደ ጋራው ፎልደር አዛውሩ፤ ርክክቡም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።